ስለ ተቃጠለ አየርና ስለ ምድር ሙቀት መጨመር

ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



በደጋ አገር የሚኖር ገበሬ ሁሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ያያል። ሰማዩ ጠርቶ፥ ከዋክብቱም ፈክተው የታዩት እንደሆነ ውርጭ እንደሚወርድ ያውቃልና ስለ ባቄላውና ስለ አተሩ ይሰጋል፤ ደመና ሸፍኖት ያመሸ እንደሆነ ግን ልቡ አርፎ ይተኛል። ይህን ነገር አባት ለልጁ ሲያስተምረው የኖረ ነው እንጂ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ምክንያቱ ሲመረመር ግን፥ ዛሬ የዓለም መንግሥታት ሁሉ በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ከሚከራከሩበት ከታላቁ ጉዳይ ጋር ሥሩ አንድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የዚህ ንግግር መጀመሪያ ከገበሬው ደጅ ቢሆን የተገባ ነው።

ፀሐይ በቀን ምድርን ታሞቃለች። ምድርም የተቀበለችውን ሙቀት ይዛ አትቀርም፤ ቀንም ሌሊትም ወደ ሰማይ መልሳ ትሰደዋለች። ነገር ግን የፀሐይ ሙቀት አብዛኛው ከብርሃን ጋር የሚመጣ ሲሆን፥ ምድር የምትመልሰው ዓይን የማያየው ጨለማ ሙቀት ነው። ከምድጃ የወረደ ምጣድ ምንም ሳይቀላ፥ እጁን ያስጠጋበት ሰው ወላፈኑ ይሰማዋል፤ የምድርም ሙቀት በዚህ ይመሰላል። ደመናና በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ይህን ጨለማ ሙቀት ይይዙና ከፊሉን ወደ ታች ይመልሱታል። ሰማዩ ሲጠራና አየሩ ሲደርቅ ግን ሙቀቱ የሚይዘው አጥቶ ያመልጣል፤ ምድርም ልብሷን እንደ ተገፈፈች ሆና ትቀዘቅዛለች፤ ውርጭም ይወርዳል። ጋቢ የተከናነበ ሰው የሚሞቀው ጋቢው በውስጡ እሳት ኖሮበት አይደለም፤ የገላውን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚይዝለት ነው። አየርም ለምድር እንዲሁ ነው።

ይህን በቁጥርና በመሣሪያ ለማስረዳት የደከሙት ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ ከነርሱ ጥቂቶቹን በየዘመናቸው መጥቀስ ነገሩን ያቀልለዋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። ከናፖሌዎን ጋር ወደ ግብጽ ወርዶ የነበረው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዦዜፍ ፉርየ በ1824 ዓ.ም. ምድር ከፀሐይ ያላትን ርቀት አስቦ፥ እንዲህ ርቃ ሳለች ስለ ምን አብዝታ አልቀዘቀዘችም ብሎ ጠየቀ፤ ሙቀቷን ከሚያቆዩላት ነገሮች አንዱ የከበባት አየር መሆኑንም አመለከተ። ዛሬ እንደሚታወቀው፥ ይህ ሙቀት የሚይዝ አየር ባይኖር ኖሮ የምድር መካከለኛ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል በሆነ ነበር፤ በርሱ ምክንያት ግን ከዜሮ በላይ 15 ዲግሪ ያህል ሆኗል። እንግዲህ ሙቀት አማቂ የሚባሉት ጋዞች በተፈጥሯቸው የሰው ጠላቶች አይደሉም፤ ያለ እነርሱ እህልም ከብትም ባልኖረ ነበር። ክርክሩ ሁሉ ስለ መጠናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ በ1856 ዓ.ም. ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት ሴት በሁለት የመስተዋት ብልቃጦች ውስጥ ቴርሞሜትር አግብታ፥ አንዱን በተራ አየር፥ ሁለተኛውን በተቃጠለ አየር ሞልታ በፀሐይ ላይ አኖረቻቸው። የተቃጠለ አየር የሚባለው ከእሳትም ከትንፋሽም የሚወጣው፥ ሊቃውንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሉት ነው። እርሱ ያለበት ብልቃጥ ከሌላው ይልቅ ሞቀ፤ ከፀሐይ ሲነሣም ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ሴቲቱም ምድርን የከበበው አየር እንዲህ ያለ ጋዝ ቢበዛበት ምድር ከፍ ያለ ሙቀት ይኖራታል ብላ ጻፈች። ጽሑፏ በዚያው ዓመት በሊቃውንት ጉባኤ ሲነበብ ያነበበው ሌላ ሰው ነበር፤ ከዚያም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ተረስቶ ኖረ። በእርግጥ ብልቃጧ የፀሐይን ብርሃንና የምድርን ጨለማ ሙቀት ለይቶ ለማየት የሚበቃ መሣሪያ አልነበረም፤ ቢሆንም ነገሩን አስቀድማ ማየቷ አይካድም።

ልዩነቱን ገልጦ ያሳየው በአየርላንድ የተወለደው ጆን ቲንዳል ነው። በ1859 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ረጅም የነሐስ ቧንቧ አሠርቶ በየተራ ልዩ ልዩ ጋዝ እየሞላ፥ ከአንዱ ጫፍ የገባው ጨለማ ሙቀት በሌላው ጫፍ ምን ያህል እንደሚወጣ ለካ። የቧንቧውን አፎች በመስተዋት ሊዘጋቸው አልቻለም፤ መስተዋት ራሱ ጨለማውን ሙቀት አያሳልፍምና። ስለዚህ በተወለወለ የማዕድን ጨው ዘጋቸው። ይህ ጨው በአፋር በረሓ ተቈርጦ በግመል እየተጫነ የሚወጣው የአሞሌ ወገን ነው፤ ጨለማውን ሙቀት ምንም ሳይከለክል ያሳልፋል። መምህራን ለልጆች ሲያስተምሩ ይህን ቢጠቅሱ መልካም ነው፤ አሞሌ በገበያ እንደ ገንዘብ ሆኖ ማገልገሉን ልጆቹ ከአያቶቻቸው ሰምተውታል፤ ለምርምርም ማገልገሉን ግን የሚነግራቸው የለም።

ቲንዳል ያገኘው ይህ ነው። ከደረቅ አየር ከመቶ 99 እጁ የሚሆኑት ናይትሮጂንና ኦክሲጂን የሚባሉት ጋዞች ጨለማውን ሙቀት ፈጽመው ያሳልፉታል፤ በጥቂቱ የሚገኙት የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ይይዙታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ፥ ከአሥር ሺህ እጅ አራት እጅ ብቻ የሆነ ጋዝ እንዴት የምድርን ሙቀት ሊለውጥ ይችላል ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በገበያ ቀን በሺህ የሚቈጠር ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ኬላ ጠባቂዎቹ ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ ማለፊያውን የሚይዙት ግን እነርሱ ናቸው እንጂ የገበያተኛው ብዛት አይደለም። የቀረው አየር ሙቀቱን ካልያዘው ብዛቱ በዚህ ረገድ ምንም አይሠራም።

በ1896 ዓ.ም. ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ከአንድ ዓመት የበለጠ ጊዜ በእጁ እያሰበና እየጻፈ፥ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን የምድር ሙቀት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ እንደሚጨምር ደረሰበት። ከዛሬው ሒሳብ ጥቂት የበዛ ነው፤ ሆኖም በዚያ ዘመን በወረቀትና በእርሳስ ብቻ የተሠራ በመሆኑ ያስደንቃል። አሬኒየስ ይህን ሲያገኝ አልፈራም፤ ጋዙ እጥፍ እስኪሆን እጅግ ረጅም ዘመን ያልፋል ብሎ ያምን ነበርና። ሙቀቱም ቢመጣ ለበረዶ አገር ሰዎች ጥቅም ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። የብርድ አገር ሰው ሙቀትን ቢመኝ አይፈረድበትም፤ የቦረና ከብት አርቢ ወይም የአፋር ግመል ጠባቂ ስለዚሁ ነገር ቢጠየቅ ኖሮ ግን መልሱ ሌላ በሆነ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዘመን ቸል ተባለ። የውቅያኖስ ውሃ የሚወጣውን ጋዝ ሁሉ ይጠጣዋል ተብሎ ይታሰብ ነበርና። በ1938 ዓ.ም. ግን ጋይ ካለንደር የሚባል የእንግሊዝ መሐንዲስ፥ ሥራው ስለ እንፋሎት ሞተር ሳለ፥ በትርፍ ጊዜው በዓለም ዙሪያ ከ147 ጣቢያዎች የተመዘገበ የሙቀት ቁጥር ሰብስቦ አስተያየውና፥ ምድር ባለፉት ሃምሳ ዓመታት መሞቋን አሳየ፤ ምክንያቱም የከሰል ጢስ መሆኑን ተናገረ። ጽሑፉን የሰሙት የአየር ጠባይ ሊቃውንት አላመኑትም፤ በሌላ ሙያ የገባ ሰው ተደርጎ ታየ። በኋላ ግን ቁጥሩ በታላላቅ የሒሳብ መኪናዎች ሲመረመር ከትክክለኛው ጋር እጅግ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ካለንደር ከነዚያ ጣቢያዎች ወደ አንዱ እንኳ ሳይሄድ ይህን ሊያደርግ የቻለው፥ በየአገሩ ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች ጧትና ማታ ቴርሞሜትር እያዩ በመዝገብ ስለ ጻፉለት ነው።

በ1957 ዓ.ም. ሮጀር ሬቬልና ሃንስ ዙስ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ውቅያኖስ ጋዙን እንደ ታሰበው ፈጥኖ እንደማይጠጣ አስረዱ። በሚቀጥለው ዓመት በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ የሚባል አሜሪካዊ፥ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው በሃዋይ ደሴት፥ ማውና ሎአ በሚባለው ከፍተኛ ተራራ ላይ መሣሪያውን ተክሎ የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካ ጀመር። ይህን ስፍራ የመረጠው ከከተማና ከፋብሪካ ጢስ የራቀ ስለሆነ ነው። በዚያ ዓመት የተገኘው ቁጥር ከሚልዮን እጅ 315 እጅ ያህል ነበር።

ኪሊንግ መጀመሪያ ያየው ነገር ገበሬን ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ ከግንቦት በኋላ ይወርዳል፤ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ደግሞ ይወጣል። ይህም የሆነበት ምክንያት፥ አብዛኛው የዓለም የብስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስለሆነ፥ በዚያ ያለው ደንና ሣር ሰብልም ሁሉ በቅጠል ወራት የተቃጠለውን አየር እየሳበ ለግንዱና ለፍሬው ምግብ ያደርገዋል፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስም መልሶ ያወጣዋል። የምድር ዕፅዋት በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ እንደሚተነፍሱ ያህል ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ከወረደ በኋላ ተመልሶ ወደ ቀድሞው ስፍራው አይደርስም፤ በየዓመቱ ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ካለፈው ዓመት በልጦ ይገኛል። በ1964 ዓ.ም. ገንዘብ ስለ ታጎለ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ተቋረጠ፤ ያ ክፍት ቦታ እስከ ዛሬ በሥዕሉ ላይ ይታያል። ኪሊንግ በ2005 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሥራውን አልተወም፤ ልጁም ተረክቦ ያዘው። በ2013 ዓ.ም. ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቀን ልኬት 400 አለፈ፤ በ2024 ዓ.ም. የዓመቱ መካከለኛ ከ420 በላይ ሆኗል።

ከኪሊንግ በፊት የነበረው መጠን እንዴት ታወቀ የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ከበረዶ ውስጥ ይገኛል። በደቡብ ዋልታ ምድር የሚወርደው አመዳይ አይቀልጥም፤ የዘንድሮው በአምናው ላይ እየተደረበ ይጠጥራል፤ በመካከሉም የየዘመኑ አየር በጥቃቅን አረፋ ታስሮ ይቀራል። ሊቃውንት ይህን በረዶ ከሦስት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ቈፍረው አውጥተው፥ የ800,000 ዓመት አየር መረመሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ቁጥሩ 300 እንኳ አልደረሰም፤ የእንፋሎት ሞተር ከመስፋፋቱ በፊት 280 ያህል ነበር። ዛሬ ያለው ከዚያ በግማሽ ያህል የበለጠ ነው ማለት ነው።

ጭማሪው ከሰው እጅ የመጣ መሆኑስ በምን ይታወቃል? ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ስለሆነ በዝግታ ሊታይ ይገባዋል። በሕይወት ያለ ዛፍ ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል ልዩ የካርቦን ዓይነት ጥቂት በውስጡ ይገኛል፤ ዛፉ ከሞተ በኋላ ግን ይህ ካርቦን እየከሰመ ሄዶ በ5,730 ዓመት በግማሽ ይጎድላል፤ እንዲህ እያለ በመቶ ሺህ ዓመት ውስጥ ፈጽሞ ይጠፋል። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት በሚልዮን በሚቈጠር ዓመት በፊት ከተቀበሩ ዕፅዋትና ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የተሠሩ ስለሆኑ ካርቦን 14 የላቸውም። ሊቃውንት የአየሩን ካርቦን ሲመረምሩ ይህ የሌለበት ካርቦን እየበዛ፥ ያለበትም በርሱ እየተበረዘ መሄዱን አገኙ። ጠላ ውሃ ሲጨመርበት እንደሚቀጥን ያለ ነው፤ ቀማሹ ከየት እንደ ተጨመረ ያውቃል። እሳተ ገሞራ ነው እንዳይባል፥ ከዓለም እሳተ ገሞራ ሁሉ በዓመት የሚወጣው ጋዝ ሰው ከሚያወጣው ከመቶ አንዱን እንኳ አይሞላም። ፀሐይ በርትታ ነው እንዳይባል፥ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰማይ በሳተላይት ስትለካ ምድር በሞቀችበት ልክ ስትበረታ አልታየችም። ደግሞም ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛውም አየር የታችኛውም አንድነት በሞቁ ነበር፤ የሆነው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው መቀዝቀዝ ነው። ጋቢው ሲወፍር ውስጡ ይሞቃል፤ ከውጭ ያለው ግን የሚደርሰው ሙቀት ይቀንስበታል። ይህ እንደሚሆን ሹኩሮ ማናቤ የተባለው ጃፓናዊ ተወላጅ ከባልደረባው ጋር በ1967 ዓ.ም. አስቀድሞ በሒሳብ አሳይቶ ነበር፤ በ2021 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነው።

አንድ አስተማሪ ይህን ለልጆች ቢናገር፥ አንዱ ብልህ ልጅ ተነሥቶ፥ ሰውም ሲተነፍስ የተቃጠለ አየር ያወጣል፤ እናቴም እንጨት ታነድዳለች፤ እንግዲህ በደለኞች ነን ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን አዘጋጅቶ መገኘት ያሻል። ሰው የሚያወጣው ትንፋሽ ከበላው እህል የመጣ ነው፤ እህሉም ያንኑ ካርቦን አምና ከአየር የሳበው ነው፤ ስለዚህ የተበደረውን መለሰ እንጂ የጨመረው የለም። እንጨትም እንዲሁ ነው፤ የተቈረጠው ዛፍ በሌላ ዛፍ የተተካ እንደሆነ ሒሳቡ ውሎ አድሮ ይዘጋል፤ ሳይተካ የቀረ እንደሆነ ግን ያ ካርቦን በአየር ይቀራል። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ግን ከዚህ ዙር ውጭ የነበረ፥ ከምድር በታች የተቈለፈ ጎተራ ነው። በሚልዮን ዓመታት የተከማቸውን ሰው በሁለት መቶ ዓመት ከፍቶ ወደ አየር በተነው። በአሁኑ ጊዜ ከዚህ ጎተራ በየዓመቱ ከ35 ቢልዮን ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከግማሽ የሚበልጠውን ውቅያኖስና ዕፅዋት ይጠጡታል፤ የቀረው በአየር ተንሳፍፎ ይኖራል፤ ከርሱም ብዙው ለብዙ መቶ ዓመት አይጠፋም። ዛሬ ምድርን ከሚያሞቀው ጋዝ ውስጥ የቪክቶሪያ ንግሥት ዘመን የለንደን ምድጃዎች ያወጡትም ገና አለበት።

ሌሎችም ሙቀት አማቂ ጋዞች አሉ። ከረግረግ፥ ከሩዝ እርሻ፥ ከነዳጅ ጕድጓድ፥ ከሚያመሰኩ ከብቶችም ሆድ የሚወጣው ሜቴን፥ ክብደት ለክብደት ሲመዛዘን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ሙቀት ይይዛል፤ ነገር ግን በአየር የሚቈየው አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከማዳበሪያ የሚወጣ ሌላም አለ። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ስለሆነች፥ ከምታወጣው ጋዝ ከፍ ያለው ድርሻ ከከብትና ከደን መመንጠር የሚመጣ ነው። ይህን መናገር ከብትን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሬ ያርሳል፥ ላም ታጠባለች። ብቻ ጥቂት የሚታለቡና በደንብ የተመገቡ ላሞች፥ ከብዙ ከሲታ ላሞች ይልቅ በአንድ ጣሳ ወተት የሚያወጡት ጋዝ ያነሰ መሆኑን አርቢው ቢያውቀው ለራሱም ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መድረስ ይገባል። ዝናም ሲቀር ባላገሩ ጥፋቱን በመንደሩ ውስጥ ይፈልጋል። አንዱ ዛፍ የቈረጠውን፥ ሌላው ግጦሽ ያጠፋውን ይወቅሳል፤ በትምህርት ቤትም ድርቅ የመጣው ገበሬው ደን ስለ መነጠረ ነው ተብሎ ሲነገር ይሰማል። ይህ በከፊል እውነት ነው። የተራቈተ ተራራ አፈሩ ይታጠባል፥ ምንጩም ይደርቃል፤ ለዚህ ተጠያቂው የቈረጠው ሰው ነው። ዓለምን በሙሉ ላሞቀው ነገር ግን የኢትዮጵያ ባላገር ዋናው በደለኛ ነው ማለት ሐሰት ነው። አንድ አሜሪካዊ በነዳጅና በከሰል ምክንያት በዓመት ከ13 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲደርስበት፥ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። ከጥንት እስከ ዛሬ የወጣው ሲደመር ከሁሉ የበለጠውን ያወጣችው አሜሪካ ናት፤ በአሁኑ ዘመን በየዓመቱ ከሁሉ የበለጠውን የምታወጣው ቻይና ናት። ሽማግሌዎች በዕርቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ካሣ ሲቈርጡ በዳዩን ከተበዳዩ አስቀድመው እንደሚለዩ፥ በዚህም ነገር እንዲሁ ሊለዩ ይገባል።

ሽማግሌዎች ደግሞ እንዲህ ይላሉ፤ ድርቅ ድሮም ነበረ፤ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ መኪናም ፋብሪካም በአገሩ አልነበረም። እውነት ነው። ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. በነበረው በዚያ ክፉ ቀን የከብት እልቂት፥ ድርቅና አንበጣ አንድነት መጥተው አገሩን አጥፍተዋል። ዝናም በተፈጥሮው የሚለዋወጥ ነው። የፓሲፊክ ውቅያኖስ በየጥቂት ዓመቱ ሲሞቅ፥ ኤል ኒኞ የሚባለው ነገር ይሆንና የኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደክማል፤ በ2015 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ከአሥር ሚልዮን የሚበልጥ ሰው እርዳታ አስፈልጎታል። ስለዚህ ድርቅን ሁሉ በካርቦን ማሳበብ ትክክል አይደለም፤ እንዲህ የሚያስተምር መምህር ቢኖር ይታረም። የተለወጠው ግን ይህ ነው። የሞቀ አየር በአንድ ዲግሪ ከመቶ 7 እጅ ያህል የሚበልጥ ውሃ ሊሸከም ይችላል። ይህም ማለት ዝናም ባልዘነበበት ጊዜ ከአፈሩና ከኩሬው አብዝቶ ይጠጣል፤ በዘነበ ጊዜም አብዝቶ ያወርዳል። ያው የዝናም ጉድለት ቀድሞ ከሚያደርሰው ጉዳት የበለጠ ያደርሳል።

ለዚህም የቅርብ ምስክር አለ። ከ2020 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2022 ዓ.ም. መጨረሻ በሶማሌና በቦረና ምድር አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብቱ አለቀ፥ አርቢውም ከቀዬው ተሰደደ። በ2023 ዓ.ም. ይህን የመረመሩ ሊቃውንት፥ ምድር ባትሞቅ ኖሮ ያ ሁሉ መሬት እንዲህ ባልደረቀ ነበር ብለዋል። ወባም ሌላ ምስክር ናት። የደብረ ዘይት አካባቢ የበሽታ መዝገብ ተመርምሮ በ2014 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ ሙቀቱ ከፍ ባለበት ዓመት ወባ ከቆላው ወደ ላይ እየወጣች ከፍ ባሉ መንደሮች እንደምትገኝ ታውቋል። የደጋ ሰው ለወባ የለመደ ገላ የለውም፤ አጎበርም በቤቱ አያኖርም።

በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ምድርን ያሞቀው ሰው መሆኑ የማያጠራጥር ነው ብሎ ቈርጧል። በ2015 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰቡት መንግሥታት ጭማሪው ከ2 ዲግሪ በብዙ እንዲያንስ፥ ቢቻልም ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ተስማሙ፤ በ2024 ዓ.ም. የዚያ ዓመት ሙቀት ብቻውን ሲለካ ከ1.5 ዲግሪ ጥቂት አልፎ ተገኘ። ስለ ጉባኤዎቹ ከዚህ የበለጠ መናገር ለገጠር ትምህርት ቤት አይጠቅምም። መጥቀስ የሚገባው ሥራው ነው። ለሕዝብ የኤሌክትሪክ ብርሃን ከከሰል ማውጣት በ1882 ዓ.ም. በለንደን የጀመረችው እንግሊዝ፥ የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫ በመስከረም 2024 ዓ.ም. ዘጋች። ኢትዮጵያም የኤሌክትሪክ ኃይሏን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውሃ የምታገኝ ሆና፥ በዓባይ ላይ የሠራችውን ታላቅ ግድብ በመስከረም 2025 ዓ.ም. መርቃለች፤ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡም በ2024 ዓ.ም. ከልክላለች። የገጠሩ ምድጃ ግን ገና በማገዶና በኩበት ይነድዳል፤ ጢሱም የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ዋና ጥቅሙ ለባልቴቷ ነው፤ ለዓለም የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ይህን ገልጦ መናገር ያስታምናል።

ለመንደር ትምህርት ቤት የሚቀረው አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የካለንደር ጣቢያዎች የሠሩት ነው። በኢትዮጵያ ተራራው ሸለቆው ብዙ ስለሆነ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ዝናሙ ይለያያል፤ የሚለካበት ስፍራ ግን ጥቂት ነው። ክረምቱ ዘገየ፥ በልጉ ቀረ የሚለው የሽማግሌዎች ቃል የተከበረ ቢሆንም፥ በቁጥር ካልተጻፈ በሌላ አገር ለሚመረምር ሰው አይደርስም። ግድግዳው ቀጥ ያለ፥ ከአፉ እስከ መቀመጫው እኩል የሆነ ጣሳ ተገኝቶ፥ ከቤትና ከዛፍ ርቆ በሜዳ ላይ በእንጨት ተጠብቆ ይተከል፤ ርቀቱም የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን። ጧት በሦስት ሰዓት አንድ ተማሪ የውሃውን ከፍታ በሚሊሜትር ማስመሪያ ለክቶ፥ ቀኑንና ቁጥሩን በመዝገብ ይጻፍ፤ ከዚያም ውሃውን ይድፋ። በየሳምንቱ ተማሪው ይለወጥ፤ መምህሩም መዝገቡን እያየ ይፈርምበት። ትምህርት በሚዘጋበት ወራት ክረምቱ ስለሆነ፥ ከሁሉ የሚያስፈልገው ቁጥር የሚገኘው ያን ጊዜ ነውና ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነ አንድ ማንበብ የሚችል ሽማግሌ ይረከበው። ዝናም ያልዘነበበት ቀን ባዶ ተብሎ ይጻፋል እንጂ አይዘለልም።